የዳገት ሳር ለማጨድ ትራክተር ልትገዛ ነው? መጀመሪያ ዳገቱን ለካው

ሰሞኑን ከደሴ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከቦሩ ሜዳ በላይ 11 ሄክታር የሳር መሬት ይዘን ሦስት ወንድማማቾች ከብት እናደልባለን። እስካሁን ሳሩን በማጭድ ነበር የምናሳጭደው። የቀን ሠራተኛ ዋጋ ግን አልተቻለም። አዲስ ትራክተር ከነማጨጃው ልንገዛ ነው። መሬቱ ግማሹ ሜዳ ግማሹ ዳገት ነው። ሻጩ 75 ፈረስ ጉልበት ያለውን ውሰዱ፣ ዳገት አይፈራም ብሎናል። አስተማማኙ የትኛው ነው? ማሲ ፈርጉሰን፣ ቤላሩስ ወይስ የህንዶቹ? የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው።»

ጋሼ ብለኸኛልና እኔም አንተ እያልኩ ልቀጥል። ኮምቦልቻ ውስጥ ትራክተር ስፈታና ስገጥም 20 ዓመት አልፎኛል። «የትኛው ማርካ ይሻላል?» ሳይለኝ ትራክተር የገዛ ደንበኛ አላስታውስም። «ዳገቴ ስንት በመቶ ነው?» ብለው የጠየቁኝ ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው መሐንዲስ ነበር። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ተገልብጦ የተረፈ ሰው ነው።

አብሽር፣ የማርካውን ነገር አልዘልለውም። ተራው ግን በኋላ ነው።

ሻጩ «ዳገት አይፈራም» ሲል አልዋሸህም። ብረት ምን ያስፈራዋል? መፍራት ያለበት ላዩ ላይ የሚቀመጠው ወንድምህ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ይህን አድርግ። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ፣ የግንበኛ ውሃ ልክና ሜትር ይዘህ ውጣ። ጣውላውን በቁልቁለቱ አቅጣጫ አጋድመው። የላይኛው ጫፍ መሬት ይንካ። ውሃ ልኩ ልክ እስኪመጣ ድረስ የታችኛውን ጫፍ ከፍ አድርግ። ከዚያ ከታችኛው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለካ። 40 ሴንቲ ሜትር ከመጣ ዳገቱ 20 በመቶ ነው። 60 ከመጣ 30 በመቶ። አንድ ቦታ ለክተህ አትመለስ። ቢያንስ 20 ቦታ ለካ። አማካይ እንዳታወጣ ደግሞ። ትራክተር የሚገለበጠው ከሁሉም የከፋችው ቦታ ላይ ነው፤ ስለ አማካዩ ግድ የለውም።

በመቶኛና ዲግሪ እንዳይምታቱብህ። 45 ዲግሪ ማለት 100 በመቶ ነው። 20 በመቶ 11 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 15 ዲግሪ ደግሞ 27 በመቶ ነው። በስልክ የሚለኩ ሰዎች ዲግሪውን አንብበው «ጋሼ፣ 15 ብቻ እኮ ነው» ይሉኛል። 15 ዲግሪ «ብቻ» የሚባል ቁጥር አይደለም። ሰው ተቀምጦ ለሚነዳው ማጨጃ በብዙ የደህንነት መመሪያዎች ላይ እንደ ጣሪያ የሚጻፈው እሱ ነው።

የእኔ አከፋፈል ይኸው። እስከ 15 በመቶ ያለውን ማንኛውም ደህና ትራክተር ያጭደዋል። ከ15 እስከ 25 በመቶ ያለው ክፍል ነው ምርጫህን የሚወስነው፤ ከዚህ በኋላ የማወራው በአብዛኛው ስለ እሱ ነው። ከ25 በላይ ያለውን በተራ ትራክተር አታስበው። ድንበሩ ላይ ድንጋይ ደርድርና ኖራ ቀባው። ከርቀት የሚታይ ይሁን። በጭጋግም ቢሆን የሚታይ። የጦሳ ተራራን ጭጋግ መቼም አንተ ታውቀዋለህ።

ከኖራው በላይ ያለው ሳር ታዲያ ይቅር? አይቀርም። ከኋላ ሆነህ እየተራመድክ የምትነዳው ባለሁለት ጎማ ማጨጃ አለ። ከፊቱ እንደ መቀስ የሚሠራ ምላጭ አለው። ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ፈረስ ጉልበት ነው። ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ውስጥ ገበሬው ተራራውን የሚያጭደው በዚህ ዓይነት ነው። ለከፋ ዳገት ተብለው የተሠሩ ትራክተሮችም አሏቸው። የስዊዘርላንዱ ኤቢ «ቴራትራክ»፣ የኦስትሪያው ሬፎርም ደግሞ «ሜትራክ» የሚሏቸውን ይሠራሉ። ዝቅ ያሉ፣ ሰፋፊ፣ መሬት ላይ የተለጠፉ የሚመስሉ ናቸው። ሳያቸው እቀናለሁ። ግን ደሴ ላይ ፊልትሮ የማታገኝለትን ማሽን ግዛ አልልህም። ለባለሁለት ጎማውም ብር ካጠረህ ማጭዱ እቤትህ አለ። አብዛኛውን ማሽን ከጨረሰው፣ የከፋችውን ጥቂት ጥማድ በሰው ማሳጨድ አያከስርህም።

አሁን ትራክተር ለምን እንደሚገለበጥ ላስረዳህ። ይህን ካወቅክ ማንም ሻጭ አያታልልህም።

ትራክተር አራት ጎማ አለው፤ የሚቆመው ግን በሦስት እግር ነው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት መሃሉ ላይ በአንድ ፒን ተይዞ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። ጎርበጥባጣ መሬት ላይ አራቱም ጎማ መሬት እንዲነካ ተብሎ ነው። ስለዚህ ትራክተሩ ወደ ጎን ማዘንበል ሲጀምር የፊት ጎማዎቹ ደግፈው አይዙትም። ክብደቱን የያዙት ሁለቱ የኋላ ጎማዎችና ያቺ ፒን ናቸው። ባለሦስት እግር በርጩማ በለው። ክብደቱ ከዚያ ሦስት ማዕዘን ወጣ ካለ፣ መሪ ብታዞር ፍሬን ብትይዝ አይመለስም።

እንግዲህ የምትፈልገው ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለና ከታች የከበደ ትራክተር ነው። ዝቅታው ከፋብሪካ የሚመጣ ነው፤ ምርጫህ እዚያ ላይ ይሁን። ለበቆሎና ለማሽላ ኩትኳቶ ተብሎ ሆዱ ከፍ ያለ ትራክተር ካሳዩህ «ይህ ለእኔ አይደለም» በል። ስፋቱ ግን በእጅህ ነው። በአብዛኛው ትራክተር የኋላ ቸርኬው ተፈትቶ፣ ተገልብጦ ሲታሰር ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ገዢው ጋ የሚደርሰው ጠቦ ነው፤ ገዢው ደግሞ እንዳለ ይነዳዋል። ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል 1 ሜትር ከ40 የነበረውን ወደ 1 ሜትር ከ80 ማስፋት፣ ማርካ ከመቀየር የበለጠ ያድንሃል። ስንት ድረስ እንደሚሰፋ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ሰንጠረዥ አለ። ሻጩ ከማስረከቡ በፊት አስፍቶ እንዲሰጥህ ውሉ ላይ አስገባው። እግረ መንገድህን ግን ወደ መሬትህ የሚያስገባውን መንገድና የእርከኖቹን ስፋት ለካ። አስፍቶ ገዝቶ በር ላይ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

ክብደቱን ከታች ለማድረግ ርካሹ ዘዴ ውሃ ነው። የኋላ ጎማዎቹን ካላማዳሪ እስከ ሦስት አራተኛው ውሃ ታስሞላዋለህ፤ የቀረው አየር ነው። 14.9-28 በሚባለው የጎማ መጠን አንዱ ጎማ 200 ሊትር ገደማ ይይዛል። በሁለቱ ጎማዎች ወደ 400 ኪሎ ክብደት ከታች ጨመርክ ማለት ነው። ጎሚስታው ሊስቅብህ ይችላል። ይሳቅ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የዛሬ 12 ዓመት ገደማ አንድ ደንበኛዬ ከኮምቦልቻ በላይ ላለ የሳር መሬት ትራክተር ምረጥልኝ አለኝ። እኔም ሞተሩን አይቼ መረጥኩለት። ሞተሩስ ሸጋ ነበር። ግን በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ፣ ቁመቱ የረዘመ፣ ጎማው የጠበበ ነው። ጥቅምት ላይ፣ በጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ ሹፌሩ ዳገቱን አግድም ይዞ ያጭዳል። የላይኛው የኋላ ጎማ የፍልፈል ቁልል ላይ ወጣ። የታችኛው ደግሞ ከብት የረገጠው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ዳገቱ ቢበዛ 20 በመቶ ነው። ቁልሉን 15፣ ጉድጓዱን 13 ሴንቲ ሜትር አድርገው። በ1 ሜትር ከ40 ስፋት ላይ ሌላ 20 በመቶ ጨመሩበት። በዚያች ሰከንድ ትራክተሩ የቆመው 40 በመቶ ዳገት ላይ ነበር። ተገለበጠ።

ሹፌሩ ወደ ላይኛው ጎን ተወርውሮ ወደቀና ተረፈ። ከራሱ በላይ የነበረው ጣሪያ እንደ ጣሳ ተጨፍልቆ አገኘነው። ያ ጣሪያ የጸሐይ ጥላ ነበር። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ጥላውንና መከላከያውን ለይቼ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መከላከያ የምልህ ከመቀመጫው ጀርባ የሚቆም ወፍራም የብረት ቅስት ነው፤ ወይም ለመገልበጥ የተፈተነ ጋቢና። የሚለየው ቅስቱ ላይ በምትለጠፈው ሳህን ነው። በየትኛው መስፈርት እንደተፈተነ ተጽፎባታል፤ ብዙ ጊዜ ኦኢሲዲ የሚል ታያለህ። ሳህን ከሌለው ጥላ ነው ብለህ ቁጠረው። ስዊድን እንደ ፈረንጆቹ በ1959 አዲስ ትራክተር ያለ መከላከያ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላ፣ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው በጣም ቀንሶላታል። ቅስቱ የሚሠራው ግን ቀበቶ ሲታሰር ነው። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ከመቀመጫው ይወረወርና ራሱ ቅስቱ ሊያርፍበት ይችላል። በተቃራኒው፣ የሚታጠፍ ቅስት ከሆነና ከታጠፈ ቀበቶውን አትሰር። ባህር ዛፍ ሥር ለማለፍ አጥፈውት እዚያው የሚረሱት ሞልተዋል። ሌላ አንድ ነገር፦ ቅስቱን በያጅ እንዳይነካው። የመብራት ማሰሪያ ልበየድበት፣ ቀዳዳ ላውጣለት የሚል አይጠፋም። እሳት የነካው ብረት የተፈተነው ብረት አይደለም።

ወደ ፈረስ ጉልበቱ እንምጣ። ሻጩ የነገረህ 75 ወረቀት ላይ ያለው ነው። ሞተር ናፍጣ ብቻ አይበላም፣ አየርም ይበላል። እናንተ ጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። አየር የሚጠቀጥቅለት ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ 2500 አካባቢ። በዚህ ሂሳብ 50 ፈረስ ጉልበት የሚባለው ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 41 ይሆናል። ደሴ ላይ 37። ማስረጃ ከፈለግክ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ሐረጎ ዳገት ላይ ቆመህ ጥቁር ጭስ እየተፉ የሚወጡትን አሮጌ ጭነት መኪኖች እያቸው። ናፍጣው ይገባል፣ የሚያቃጥለው አየር ያንሳል፣ የተረፈው ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ሂሳቡ በዚህ አያልቅም። ከኋላ ወጥቶ ማጨጃውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ፒቲኦ የምንለው፣ ጋ እስኪደርስ 15 በመቶ ገደማ ጉልበት በመንገድ ይባክናል። 37ቱ ወደ 32 ወረደ። ከዚያ ዳገቱ አለ። ትራክተሩ ከነማጨጃው 3 ቶን ቢሆንና 20 በመቶ ዳገት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢወጣ፣ የራሱን ክብደት ለማንሳት ብቻ 11 ፈረስ ጉልበት ይፈጃል። ለሳሩ የቀረው 20 ቢሆን ነው። እንግዲህ 50 ገዝተህ በ20 ታጭዳለህ።

«ታዲያ ሻጩ ልክ ነው፣ 75ቱን ልውሰድ» ትለኝ ይሆናል። ቆይ። ሌላም መንገድ አለ፤ እሱም ተርቦ ነው። ተርቦ አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም። 50 ፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ተርቦ ፒቲኦው ላይ 42 ገደማ ይሰጥሃል። ዳገቱን ቀንስለት፣ 31 ይቀራል። ለሥራህ ይበቃል። 75ቱ ግን ከፍ ያለና የከበደ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ከሥሩ ገና ያልደረቀ መሬት ላይ ያ ክብደት ሲንሸራተት ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ የእኔ ምክር ከ50 እስከ 55 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ተርቦ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነው። ተርቦ የራሱ ጠባይ አለው። ከከባድ ሥራ በኋላ ድንገት አይጠፋም። 2 ወይም 3 ደቂቃ በዝግታ አሠርተህ አጥፋው። ዘይቱንም በሰዓቱ ቀይር።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ ስልህ ለመውጣት ብቻ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ መውረዱ ላይ ነው። የብዙ ትራክተሮች ፍሬን የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው ያለው። ቁልቁል ስትወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላው ይቀልና ይንሸራተታል። አራቱም ጎማ ከተያያዘ ግን ሞተሩ የፊቶቹንም ይይዛቸዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ሳትጀምር አራቱን አስገባ፣ ከባዱን ማርሽ አስገባ፣ ከዚያ ማርሽ አትቀይር፤ ፍሪሲዮንም አትርገጥ። ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ በባዶ ማርሽ የሚወርድ ሹፌር ካየህ ቁልፉን ተቀበለው። የፍሬኑ ፔዳል ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ ጎማ። ለእርሻ መታጠፊያ ይጠቅማል። ዳገት ላይ ግን አንዱን ብቻ መርገጥ ገዳይ ነው። ሁለቱን የምታያይዝ ትንሽ ማሰሪያ አለች። ሁልጊዜ ተቆልፋ ትቀመጥ።

ፒቲኦውንም ሳትጠይቅ አትግዛ። በአንዳንዱ ትራክተር ፍሪሲዮን ስትረግጥ ማጨጃውም አብሮ ይቆማል። ከዚያም የባሰ አለ፤ እየተሽከረከረ ያለው ማጨጃ በጉልበቱ ትራክተሩን ወደ ፊት የሚገፋበት ጊዜ አለ። ፍሪሲዮን ረግጠህ ትራክተሩ አልቆም ሲልህ አስበው። «ፒቲኦው ራሱን የቻለ ነው ወይ? ካልሆነስ ፍሪሲዮኑ ባለሁለት እርከን ነው ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ካልገባቸው ሞተሩ ተነስቶ እንዲያሳዩህ አድርግ።

ማጨጃው። ስላሸር አትግዛ። ሳሩን ይቆራርጠዋል፣ ከአፈር ያደባልቀዋል፤ ለመንገድ ዳር እንጂ ለድርቆሽ አይሆንም። ለአንተ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ እንደ መቀስ የሚሠራው ረጅም ምላጭ ነው። ቀላል ነው፣ ጉልበት አይጠይቅም፣ ሳሩን አሳምሮ ያጋድመዋል። የወሎን ድንጋይ ግን አይችልም። አንድ ድንጋይ ሁለት ሦስት ጥርስ ይሰብርበታል፤ ቀኑን ሙሉ ቡሎን ስትፈታ ትውላለህ። ሌላው ከሥራቸው ምላጭ ያላቸው ሁለት የሚሽከረከሩ ከበሮዎች ያሉት ነው። ከበድ ይላል። ድንጋይ ሲመታ ግን ምላጩ ወደ ኋላ ይታጠፍና ያልፋል። መሬትህን ድንጋይ መልቀም ካልቻልክ ከበሮውን ውሰድ። ስፋቱ 1 ሜትር ከ35 ይሁን። 1 ሜትር ከ65ቱ ለሜዳው ጥሩ ነው፤ ለዳገቱ ግን ክብደቱም የሚፈልገው ጉልበትም ይበዛብሃል።

ከበሮው ወደ ቀኝ ወጥቶ ነው የሚያጭደው። ወደ 300 ኪሎ በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል ማለት ነው። የግድ ዳገቱን አግድም የምትይዝበት ቦታ ካለ፣ ማጨጃው ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ጎን ይሁን። ወደ ታች ከሆነ እሱ ራሱ ይጎትትሃል። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ታጭዳለህ፤ ስትመለስ ባዶ ነህ። ጊዜ ይፈጃል፤ ምን ታደርገዋለህ። የሚሻለው ግን ቁልቁል እያጨዱ መውረድ፣ ከዚያ ማጨጃውን አጥፍቶ ለስለስ ባለው በኩል ዞሮ መውጣት ነው። ከኋላ ክብደት ተንጠልጥሎ ቀጥ ያለ ዳገት ስትወጣ የፊት ጎማ ይቀላል፤ መሪው አልታዘዝ ይላል። ለዚህ ከፊት የሚታሰሩትን የብረት ክብደቶች ከትራክተሩ ጋር አብረህ ግዛ። ለብቻ ስትፈልጋቸው ያስቸግሩሃል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ደግሞ ዳገቱ ላይ አትውጣ። ጤዛ ያለበት ሳር ሳሙና ነው።

አሁን ማርካ። አስተማማኝ ማለት ለእኔ የማይበላሽ ማለት አይደለም። ሁሉም ይበላሻል። ሳር ደግሞ አይጠብቅህም። አበባ ካወጣ በኋላ በቆየ ቁጥር አገዳው እየጠነከረ፣ ከብቱን የሚያሰባው ፕሮቲን እየወረደ ይሄዳል። ያንተ የዓመት ሥራ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያለ ነው። በዚያ መሃል ማሽኑ ሁለት ሳምንት መለዋወጫ ሲጠብቅ ከቆመ፣ ለአንተ ከነጭራሹ የለም።

ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት በስልክ ፈትናቸው። እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ ተቸገረ ባለ ትራክተር ደውል። «የዚህ ሞዴል የፍሪሲዮን ሸራ አለ? የውሃ ፓምፓ? ፊልትሮ? ዛሬ ብልክ ሰው ይወስዳል?» በል። «ይታዘዛል» ካሉህ ስንት ቀን ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ሱቆች ደውልና ያንኑ ጠይቅ። መካኒካቸው ደሴ ድረስ የሚመጣው በማን ወጪ እንደሆነ በጽሑፍ ያዝ። እኔ ከአንድ ሻጭ ጋር «ዋስትና አለው» ተባብለን፣ መካኒኩ ሲመጣ የነዳጁንም የአልጋውንም ደንበኛዬ ከፍሏል። ዋስትናው ለዕቃው እንጂ ለመንገዱ አልነበረማ።

ማሲ ፈርጉሰንን አገሩ ያውቀዋል። የነካካው መካኒክ ብዙ ነው፤ መለዋወጫውም አይጠፋም። በዚያው ልክ አስመስሎ የተሠራ ዕቃም አለ፤ ዋጋው ከረከሰብህ ተጠራጠር። ሚንስክ የሚሠራው ቤላሩስ ቀላልና ጠንካራ ማሽን ነው፤ ለእርሻ እወደዋለሁ። 80 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ያሉት ሞዴሎቹ ግን ከ3 ቶን ተኩል በላይ ይመዝናሉ፤ ለአንተ ዳገት አላደርገውም። ህንዶቹ፣ ሶናሊካም ሆነ ማሂንድራ፣ 50 አካባቢ ባለው መጠን ሰፊ ምርጫ አላቸው፤ መጠናቸው ለአንተ ይመጥናል። ግን በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱና ተርቦ የሌላቸው ብዙ ናቸው። በአንድ ስም፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ፈረስ ጉልበት ሁለት ዓይነት ትራክተር ሊኖር ይችላል። ካታሎጉን ተወውና የሞተሩን ክዳን ክፈተው፤ ተርቦው በዓይን ይታያል። ሦስቱንም ነገር፣ ተርቦውን፣ አራት ጎማውንና ሳህን ያለውን ቅስት፣ አሟልቶ መለዋወጫው ቅርብ የሆነው ማንም ይሁን ማን እሱን ውሰድ። ለእኔ ቢሆን ከማሲና ከህንዶቹ መካከል በስልኩ ፈተና ያለፈው ያሸንፋል።

የናፍጣ ፓምፓው ሜካኒካል ይሁን። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ናፍጣ ይቆጥባሉ፣ ጭሳቸውም ትንሽ ነው። ነገር ግን ናፍጣው ንጹሕ ካልሆነ ይታመማሉ። ሲታመሙ ደግሞ የሚያክማቸው ባለ ኮምፒውተር እስኪመጣ ሳርህ ይደርቃል። ሜካኒካሉን እኔም፣ ሰፈርህ ያለው የወፍጮ ቤት መካኒክም እንፈታዋለን። ውሃ ከናፍጣ የሚለየውን ፊልትሮ ግን ለየትኛውም ቢሆን አትርሳ።

አንድ ሂሳብ ላስታውስህ። በ1 ሜትር ከ35 ማጨጃ፣ መታጠፊያውንና መመለሻውን ጨምረህ፣ በሰዓት ግማሽ ሄክታር ገደማ ትሠራለህ። ከኖራው በታች 9 ሄክታር ይቀርሃል ብንል፣ ይህ 18 ሰዓት ነው። ሦስት ቀን። በቀሪው ጊዜ ያ ሁሉ ብር ደጅ ቆሞ ዶሮ ሊያድርበት ነው? ጋሪ ጨምረህ ድርቆሽና ውሃ የምታመላልስበት፣ ለጎረቤት እያጨድክ የምታስከፍልበት ሥራ ከሌለህ፣ ሁለት ሦስት አድላቢዎች ሆናችሁ በጋራ ግዙት። ብድሩን በተመለከተ ዋልያ ካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስም የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ማሽን በሊዝ ያቀርባሉ። ሁለቱንም ሄደህ አነጋግር። ማሽኑን ኮምቦልቻ ከተረከብክ ደግሞ ሐረጎን በራሱ ጎማ አታስወጣው፤ በሎቤድ አስጭነው።

ስለ ታናሽ ወንድምህ። ዕድሜውን አልነገርከኝም። መንጃ ፈቃድ ካለውና አንድ ወር ሜዳው ላይ ብቻ ካጨደ በኋላ ዳገቱን ይጀምር፤ ያውም ከ15 በመቶ በታች ካለው። ፓራፋንጎው ላይ ማንም አይቀመጥበት፤ አንተም ብትሆን። ማጨጃው ሲሠራ ከብት ጠባቂ ልጆች ከኋላው እንዳይከተሉ። የተወረወረ ድንጋይ እንደ ወንጭፍ ነው።

ለክተህ ስትጨርስ ሦስት ነገር ላክልኝ፦ የከፋችውን ቦታ ቁጥር፣ ወደ መሬቱ የሚያስገባውን በር ስፋት፣ ሻጩ የሚያሳይህን የትራክተሩን ቅስት ሳህን ፎቶ። ሳህኗ በደንብ ትነበብ።